የስልኩ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ልጆች በእጅ ስልክ እንዳይጎዱ ስለ መጠበቅ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



በቀድሞ ዘመን የጓዳው ቁልፍ በባለቤቲቱ መቀነት ተቋጥሮ ይውል ነበር። በጓዳው ውስጥ ማርና ቅቤ፥ ጠጅና አረቄ በአንድነት ስለሚቀመጡ ለልጅ የሚስማማውንና የማይስማማውን ለይታ የምትሰጥ እርሷ ነበረች። ልጁም በራበው ጊዜ እናቱን ይጠይቃል እንጂ ጓዳውን ራሱ ከፍቶ አይገባም ነበር። በዛሬው ዘመን ግን በየቤቱ አንድ አዲስ ጓዳ ተከፍቷል፤ ይኸውም የእጅ ስልክ ነው። በዚህ ጓዳ ውስጥ ልጅን ዐዋቂ የሚያደርግ ትምህርት አለ፤ ልጅን የሚያበላሽ ነገርም አለ፤ ሁለቱም የተቀመጡት ጎን ለጎን ነው። የሚያሳዝነው ግን የዚህ ጓዳ ቁልፍ በብዙ ቤት ከእናት መቀነት ወጥቶ በልጁ በራሱ እጅ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ቁልፉ በማን እጅ መሆን እንደሚገባው፥ የያዘውም ሰው እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚገባ በዚህ ንግግር ይገለጣል።

በልደታ ስለሚታየው ነገር

ነገሩ በግልጽ እንዲታይ ከአዲስ አበባ ክፍላተ ከተማ አንዱ የሆነው ልደታ በምሳሌነት ይወሰድ። ልደታ አዲስ ነገር ወደ አገር በገባ ጊዜ ቀድመው ከሚያዩት ሰፈሮች አንዱ ሆኖ ኖሯል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መጨረሻ ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ አይሮፕላኑ የተነሣው በዚያ ጊዜ በልደታ ከነበረው ሜዳ ነው። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቀላል ባቡር መመላለስ በጀመረ ጊዜም ሁለቱ መስመሮች በልደታ በኩል እንዲያልፉ ሆነው ተሠርተው ነበር። ከአሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶችም ብዙዎቹ ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም የሚባሉት ባለ ፎቅ ቤቶች ቆመዋል። ቀድሞ ልጅ በሰፈሩ ሜዳ ሲጫወት ከጎረቤት ሁሉ ዓይን አያመልጥም ነበር፤ ዛሬ ግን በፎቅ ቤት በሩን ዘግቶ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ጎረቤት ቀርቶ በአጠገቡ የተቀመጠችው እናቱ አታውቅም።

ስልክ በልጆች እጅ የገባበትም ምክንያት ሁልጊዜ ቅምጥልነት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ኮሮና የተባለው በሽታ በአገር በታየ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ ታዘዘ። ተማሪዎች ከትምህርት ፈጽሞ እንዳይለዩ በራዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ጀመር፤ በአዲስ አበባም የትምህርቱ ማስታወሻና የቤት ሥራው በቴሌግራም ይላክ ነበር። ስለዚህ ስልክ ያላት እናት የራሷን ለልጇ ሰጠች፤ የሌላትም እንደምንም ብላ ገዛች። በዚያ ጊዜ ስልኩ ደብተርም መምህርም ነበረ። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በተከፈቱ ጊዜ ግን ልጁ ወደ ክፍሉ ቢመለስም ስልኩ ወደ ባለቤቱ አልተመለሰም። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደ ተባለው ሆነ።

ስለ አንድ ቤተ ሰብ ምሳሌ

አሁን በልደታ ኮንዶሚኒየም በአራተኛው ፎቅ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ ይታሰብ። ይህ ቤት ለትምህርት የተመሰለ ነው እንጂ ስም ያለው ቤት አይደለም፤ ዳሩ ግን ይህን የመሰለ ቤት የማያውቅ መምህር አይገኝም። እናቲቱ ማለዳ ተነሥታ መርካቶ ስትነግድ ትውላለች፤ አባትየው ታክሲ ነጂ ነው፤ የእናቲቱ አባት ከገጠር መጥተው ከእነርሱ ጋር ይኖራሉ። የ12 ዓመት ወንድ ልጅም አላቸው።

እናቲቱ ስልኩን በገዛች ጊዜ አከፋፈቱን ስለማታውቀው ለልጇ ሰጥታ «ልጄ፥ አንተ ትችልበታለህና ክፈትልኝ» አለችው። ልጁም ኢሜይሉን አወጣ፤ የምስጢሩን ቁጥር መረጠ፤ የልደት ቀን ሲጠየቅም እንደ ፈቀደ ጻፈ። የቴሌብሩን የምስጢር ቁጥር እንኳ ያወጣላት እርሱ ነው። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚባለው ተረት በዚያ ቤት ተፈጸመ። ከዚያም ቀን ጀምሮ ስልኩ የእናቲቱ ቢባልም ቁልፉ የልጁ ነበረ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ በክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ጀመር። መምህሩ እናቱን አስጠርቶ በነገራት ጊዜ ወደ ቤቷ ገብታ ለባልዋ ነገረችው። አባትየውም ተቆጥቶ ስልኩን ነጥቆ በሣጥን ቆለፈበት፤ ልጁ ግን በጓደኛው ስልክ ይጫወት ጀመር። አባትየው ይህን በሰማ ጊዜ ስልኩን መለሰለት፤ ነገር ግን አስቀድሞ ስልክ ወደሚጠግን አንድ ወጣት ወስዶ ልጁ የሚጽፈውን ሁሉ የሚያሳይ የስለላ አፕ በስውር አስገባበት። ልጁም በሦስተኛው ቀን ዐወቀ፤ ዐውቆም ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ የሚሠውረውን ነገር ሁሉ በጓደኛው ስልክ ያደርገው ጀመር።

በዚህ መካከል በጌም ውስጥ የተዋወቀው አንድ ሰው ወዳጅ መስሎ ቀረበው። መጀመሪያ የጌም ስጦታ ሰጠው፤ ቀጥሎ «ፎቶግራፍህን ላክልኝ» አለው፤ በመጨረሻም ነውር ያለበትን ፎቶግራፍ ካልላክህ ክፉ ወሬ ለጓደኞችህ ሁሉ እልካለሁ ብሎ ያስፈራራው ጀመር። ልጁ ለእናቱ እንዳይነግራት ስልኩን እንዳትወስድበት ፈራ፤ ለአባቱ እንዳይነግረው ዱላውን ፈራ። ከዚህም የተነሣ ምግብ አልበላ አለ።

ይህን ያስተዋሉት ስልክ መክፈት የማያውቁት አያቱ ነበሩ። አንድ ማታ ለብቻው አስቀምጠው «ልጄ፥ ምን ሆነሃል?» ብለው ጠየቁት። ልጁም «አባባ፥ ብነግርዎ ስልኩን ይወስዱብኛል» አለ። አያቱም «ስልክህን አልወስድብህም፤ የምትነግረኝንም በቁጣ አልሰማም፤ ለአባትህ የሚነገር ከሆነ አብሬህ ተቀምጬ እነግረዋለሁ» አሉት። ልጁም አልቅሶ ሁሉን ነገራቸው።

እንግዲህ በዚህ ነገር ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አለ። የአባትየው ቁጣ ልጁን ወደ ጓደኛው ስልክ ሰደደው፤ በስውር የገባውም አፕ ምስጢር መደበቅን አስተማረው እንጂ ከክፉ ሰው አላዳነውም። ያዳነው ሳይቆጡ ለመስማት የተሰጠው ቃል ነው። ዳሩ ግን ቃል ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም፤ ያ ክፉ ሰው ከመምጣቱ በፊት በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰም ነበር። ስለዚህ የቁልፉን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ቁልፉ አሠራር

ወላጆች የልጆቻቸውን ስልክ የሚቆጣጠሩባቸው አፕ ወይም መተግበሪያ የሚባሉ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። ጎግል የተባለው ኩባንያ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን በ2009 ዓ.ም. አወጣ። አፕል የተባለውም በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ስክሪን ታይም የሚባለውን በአይፎን ስልኮች ውስጥ አገባ። ቲክቶክም በ2012 ዓ.ም. የወላጅንና የልጅን አካውንት የሚያገናኝ ፋሚሊ ፔሪንግ የሚባል መቆጣጠሪያ ጨመረ። እነዚህ ሦስቱ ገንዘብ አይከፈልባቸውም።

አሠራራቸው በአጭሩ እንዲህ ነው። ለምሳሌ በፋሚሊ ሊንክ ወላጁ በራሱ ስልክ የራሱን አካውንት ይከፍታል፤ ለልጁም በልጁ ስልክ የልጅ አካውንት ያወጣለታል፤ ሁለቱም ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ወላጁ በቀን ስንት ሰዓት ስልኩ ክፍት እንደሚሆን ይወስናል፤ በመኝታ ሰዓት ስልኩ በራሱ እንዲዘጋ ያደርጋል፤ ልጁ አዲስ ጌም ወይም አፕ ከፕሌይ ስቶር ማውረድ በፈለገ ጊዜ ጥያቄው ወደ ወላጁ ስልክ ይመጣል፤ ወላጁ ካልፈቀደ አይወርድም። እንዲሁም ልጁ በየትኛው አፕ ምን ያህል ጊዜ እንዳሳለፈ፥ ስልኩም ወዴት እንዳለ ያሳያል። ልጁ በቴሌግራም የተጻጻፈውን መልእክት ግን አያሳይም። ልጁም ስልኩ በወላጅ ጥበቃ ሥር መሆኑን ያውቃል፤ በስውር የሚሠራ ነገር አይደለም።

በብዙ ቤት ደግሞ ልጁ የራሱ ስልክ የለውም፤ የእናቱን ስልክ እየተቀበለ ይጠቀማል። ለዚህም መላ አለ። በአንድሮይድ ስልክ አንድን አፕ ብቻ ከፍቶ ከእርሱ ወደ ሌላ እንዳይወጣ መቆለፍ ይቻላል፤ በአይፎንም እንደዚሁ ይቻላል። በዩቲዩብ ውስጥ ለልጅ የማይገባውን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ አለ። በፕሌይ ስቶርም በዕድሜ የሚለይ ማጣሪያ በምስጢር ቁጥር ይቆለፋል። ኢንተርኔት የማያስፈልግበት ሰዓት ሲሆን ዳታውንና ዋይፋዩን ማጥፋት ቀላል ነው። ለመደወል ብቻ ለሚፈለግ ልጅም ኢንተርኔት የሌለው ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል።

በዚህ ሁሉ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አፕ የሚወርደው ከስልኩ የታወቀ ሱቅ፥ ይኸውም ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ሊሆን ይገባል። በዜንደር ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ወይም በቴሌግራም በፋይል የሚላክ አፕ ውስጡ ምን እንዳለበት አይታወቅም። ይልቁንም የሌላውን ሰው መልእክት በስውር አነብልሃለሁ የሚል አፕ የልጁን ነገር ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። ልጁን የሚጠብቅ መስሎ ቤቱን የሚከፍት ዘበኛ ማለት ይህ ነው።

ቁልፉን ከንቱ ስለሚያደርጉ ሦስት ስሕተቶች

እነዚህ መሣሪያዎች የተሠሩት በውጭ አገር ነው፤ የሚቆጥሩትም በውጭ አገር ቀንና ሰዓት ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቤት ሲገቡ ሦስት ስሕተቶች ይደርሳሉ።

መጀመሪያው የልደት ዓመት ነው። ስልኩ አካውንት ሲከፈት የልደት ቀን ይጠይቃል፤ ለልጅ የሚገባውንና የማይገባውን የሚለየውም በዚያ ነው። ለምሳሌ ጥር 10 ቀን 2006 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. ጥር ወር 12 ዓመት ይሞላዋል። ወላጁ ግን 2006 ብሎ እንዳለ ቢጽፍ ስልኩ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚወስደው ልጁን 20 ዓመት የሞላው ጎልማሳ ያደርገዋል፤ ለጎልማሳ የሚከፈተውንም በር ሁሉ ይከፍትለታል። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የግል መልእክት መላላክን የዘጋው በ2012 ዓ.ም. ነበር፤ ዳሩ ግን ልጁ በስሕተት ጎልማሳ ተብሎ ከተመዘገበ ይህ ጥበቃ አይደርሰውም። የዚያ ልጅ ትክክለኛው የልደት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዩወሪ 18 ቀን 2014 ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ለተወለደ 7 ዓመት፥ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት መጨመር ይገባል። ልጁም ራሱ ዐውቆ ዓመቱን ከፍ አድርጎ እንዳይጽፍ ቀኑን የሚጽፈው ወላጁ ይሁን።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። አንዲት እናት ልጇ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክ እንዳይነካ ፈልጋ በአፑ ላይ 3:00 ብላ ብትጽፍ ስልኩ የሚዘጋው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። እናቲቱ ቆልፌአለሁ ብላ ትተኛለች፤ ልጁ ግን ሌሊቱን ሁሉ ይጫወታል። በኢትዮጵያ ከምሽቱ 3 ሰዓት በስልኩ አቆጣጠር 21:00 ነው። ጠዋት 12 ሰዓትም 6:00 ነው። የ6 ሰዓቱን ልዩነት ማወቅ ለዚህ ቁልፍ ግድ ነው።

ሦስተኛው የምስጢር ቁጥሩ ነው። በምሳሌው ቤት እንደ ታየው ቁጥሩን ያወጣው ልጁ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ወላጅ መጻፍ ባያውቅ እንኳ ቁጥር ማወቅ አያቅተውም። ቁጥሩ የልጁ ልደት ወይም የስልኩ የመጨረሻ ቁጥሮች አይሁን፤ ልጁ እያየ አይነካ፤ የቴሌብር ቁጥርም ለልጅ አይሰጥ። ልጁ ያወጣው ካለ ዛሬውኑ ይለወጥ።

ቁልፍ ሊያደርገው ስለማይችለው ነገር

ዓይን ያለው ሁሉ ሊያውቀው እንደሚገባ ቁልፍ የሚዘጋው የተቆለፈውን በር ብቻ ነው። ልጁ በጓደኛው ስልክ የሚያየውን አይዘጋም። ማጣሪያውም በእንግሊዝኛ የተነገረውን ክፉ ቃል እንደሚለየው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተነገረውን አይለይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ ስለ ምን እንደ ፈራ፥ ስለ ምን ምግብ እንደ ተወ አይጠይቅም። ያን የሚጠይቅ ሰው ነው።

እንዲሁም ወላጁ ራሱ በማዕድ ላይ ስልኩን እየነካካ ልጁን ተው ቢለው ልጁ የሚማረው ከቃሉ ሳይሆን ከእጁ ነው። ቤት ውስጥ የሚወጣው ሥርዓት ለአባትም ለእናትም የሚሠራ ሲሆን ነው ልጁ የሚያከብረው።

ስለ ዕድሜና ስለ መጠን

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ምክር አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስልክና ቴሌቪዥን ፈጽሞ እንዳያይ፥ የአንድ ዓመት ሕፃንም እንዲሁ እንዳያይ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ከዚያም ቢያንስ እንደሚሻል አስታውቋል። እንግዲህ ሕፃን ባለቀሰ ጊዜ ዝም ለማሰኘት ስልክ መስጠት መልካም ልማድ አይደለም። የሕክምና ዐዋቂዎችም ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፥ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለውም ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል ይላሉ። ስለዚህ የስልኩ መጠን የሚለካው በእንቅልፉ፥ በጥናቱና ከሰው ጋር በሚያደርገው ጨዋታ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ሲጎድሉ ስልኩ በዝቷል ማለት ነው።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የፈረንሳይ መንግሥት በ2010 ዓ.ም. እስከ 15 ዓመት ያሉ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ስልክ እንዳይጠቀሙ በሕግ ከልክሏል። የአውስትራልያ መንግሥትም ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በማኅበራዊ መገናኛዎች አካውንት እንዳይኖራቸው በ2017 ዓ.ም. ሕግ አውጥቶ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አውሎታል። እነዚህ ባለጸጎች አገሮች ይህን ያህል ከተጨነቁ አዲስ ገቢ በሆነበት አገር ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባል።

ሕግ ስለሚለው ነገር

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ስምምነት ሁለት ነገር በአንድነት ይናገራል። በአንድ በኩል ወላጅ ልጁን እንደ ዕድሜውና እንደ አእምሮው መጠን የመምራት መብትና ግዴታ እንዳለው በ5ኛው አንቀጽ ይናገራል። በሌላ በኩል የልጁ ምስጢር ያለ ሕግ እንዳይደፈር በ16ኛው፥ ልጁ ጠቃሚ ዕውቀት እንዲያገኝና ከሚጎዳው ነገር እንዲጠበቅ በ17ኛው አንቀጽ ይናገራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጽ ልጅ ትምህርቱን፥ ጤናውንና ደኅንነቱን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ያዛል። ስለዚህ ወላጅ መጠበቅ ይገባዋል፤ ነገር ግን የ6 ዓመት ልጅና የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ቁልፍ አይጠበቁም። ልጁ እያደገና እየታመነ ሲሄድ ቁልፉ እየላላ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ልጁ ከወላጁ ቤት በወጣ ቀን ራሱን መግዛት ሳይማር ይወጣል።

ልጅን በኮምፒዩተርና በስልክ ወደ ነውር የሚስብ ሰው ግን ወንጀለኛ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በ12ኛው አንቀጹ ይህን ይቀጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ ወላጅ መልእክቱን በቁጣ እንዳያጠፋው፥ ምስክር ይሆናልና ጠብቆ ለፖሊስ እንዲያሳይ ይገባል። ልጁም የተበደለ ስለ ሆነ ሊወቀስ አይገባም።

በዚያ ቤት ስለ ተደረገው ውል

አሁን ወደ ምሳሌው ቤት እንመለስ ቢባል፥ አያቱ በሦስተኛው ቀን አባትየውንና እናቲቱን ከልጁ ጋር በአንድነት አስቀመጡ። አስቀድመው ለአባትየው «ልጁ ሲነግርህ እስኪጨርስ አትናገር» ብለው አስማሉት። ልጁ ሁሉን ተናገረ። አባትየውም በስውር ያስገባውን አፕ ለልጁ ነግሮ ከስልኩ አወጣው፤ «ይህን ማድረጌ አግባብ አልነበረም» አለ። አባት ለልጁ ይህን ሲል መስማት ለልጁ አዲስ ነገር ነበር። በማግሥቱም ልጁን ይዘው መልእክቱን ለፖሊስ አሳዩ።

ከዚያም በሽምግልና እንደሚደረገው ውል ተዋዋሉ። ስልኩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በአያቱ ራስጌ ቻርጅ ይደረጋል፤ የአባትየውና የእናቲቱም ስልክ እንዲሁ። በማዕድ ላይ ስልክ አይነካም። የፋሚሊ ሊንኩን መቆለፊያ አባትና ልጅ አብረው ተቀምጠው አወጡ፤ ልጁ መንገዱን አሳየ፥ አባትየው ቁጥሩን ጻፈ። የትምህርት ቀን 1 ሰዓት፥ ቅዳሜና እሑድ 2 ሰዓት ተፈቀደለት፤ ለጥናት የሚያስፈልገው ከዚህ ውጭ በእናቱ ፊት ይሆናል። የማያውቀው ሰው ቢጽፍለት ሳይመልስ ያሳያል፤ ባሳየም ቀን ስልኩ አይወሰድበትም። ውሉንም ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እንዲያዩት፥ ልጁ ከታመነ ሰዓቱ እንዲጨመርለት ተስማሙ። ይህ ውል ልጁ የተናገረበት ስለ ነበረ ልጁ ጠበቀው፤ ሁለት ጊዜ ያፈረሰው አባትየው ነው፤ ልጁም አስታወሰው፤ አባትየውም ስልኩን አስረከበ።

የመምህራንና የሽማግሌዎች ድርሻ

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ የገጠር መምህራን «ይህ የከተማ ነገር ነው» እንዳይሉ ያስፈልጋል። በልደታ የታየው ነገር የኔትዎርክ ምሰሶው በቆመበት መንደር ሁሉ ይደርሳል። ልዩነቱ በከተማ ችግሩ አስቀድሞ ደርሶ መላው በኋላ መፈለጉ ነው፤ በገጠር ግን መላው ከችግሩ ሊቀድም ይችላል። «ሳይደርቅ በእርጥብ፥ ሳይርቅ በቅርብ» የተባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መምህሩ በወላጆች ስብሰባ ቀን አንድ ሰዓት ለይቶ ሦስት ነገር ያሳይ፤ ይኸውም የልደትን ዓመት መለወጥ፥ ሰዓትን መለወጥ፥ የምስጢር ቁጥርን ማውጣት ነው። ይህን ሲያሳይ ሌላው ሰው በራሱ ስልክ እየነካ ይማር እንጂ በወሬ ብቻ አይማር። መምህሩ የቤት ሥራን በቴሌግራም የሚልክ ከሆነም በመሸ ጊዜ አይላክ፤ ልጁ በሌሊት ስልክ የሚከፍትበትን ምክንያት ትምህርት ቤቱ ራሱ ሊሰጠው አይገባምና። ተማሪ በክፍል ቢያንቀላፋም ከመቅጣቱ በፊት ይጠይቀው።

የአገር ሽማግሌ ደግሞ ስልክ አላውቅም ብሎ ከዚህ ነገር አይራቅ። በምሳሌው ቤት ልጁን ያተረፉት ስልክ መክፈት የማያውቁት አያት ናቸው። የሽማግሌ ዕውቀት ሰውን ከሰው ማስታረቅ ነው፤ ዛሬም በየቤቱ በአባትና በልጅ መካከል አዲስ ጠብ ተነሥቷልና አስታራቂ ይፈልጋል። በዕድር ስብሰባ ላይ ሽማግሌው ይህን ነገር ያንሣ፤ ወላጆችም ለልጆቻቸው «ብትነግረኝ አልቀጣህም» የሚለውን ቃል በምስክር ፊት እንዲሰጡ ያድርግ። ቃል ከሰጡም በኋላ እንዲጠብቁት ያስታውሳቸው።

እንግዲህ የነገሩ መደምደሚያ ይህ ነው። የስልኩ ቁልፍ በወላጅ እጅ ይሁን፤ ወላጅም አከፋፈቱንና አዘጋጉን ይወቅ፤ የሚቆልፈውንም ልጁ እያወቀ ይቆልፍ። ልጁ በተጨነቀ ጊዜ ሊገባበት የሚችለው የወላጁ በር ግን አይቆለፍ። ይህን ያነበበ መምህር በዚህ ሳምንት አንዲት እናት የምስጢር ቁጥሯን እንድትለውጥ ቢረዳ፥ ይህን የሰማ ሽማግሌም አንድ ልጅ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ቢጠይቅ ንግግሩ ፍሬ አፍርቷል።